አውቶቡሶቹ ሳይቆሙ ያለፉበት ግንቦት

ከደሴ የመጣው አውቶቡስ መርሳ ሲገባ ጥሩምባውን ነፋ። ሙሄዲን ለደንበኛ የዘረጋውን ሻሽ እንደተዘረጋ ትቶ ወደ በረንዳው ወጣ። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ረዳቱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ የመንገዱን ዳር ቃኘ፤ የፈለገውን እንዳጣ ሰው ተመልሶ ገባ። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠና አውቶቡሱ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ተፈተለከ።

«ይኸኛውም አለፈ» አለ ፈንታው።

ፈንታው ከሙሄዲን ሱቅ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። ድሮ ቢሆን በዚህ ሰዓት ከአንዱ መኪና ስር ተጋድሞ ነበር የሚገኘው። አሁን የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የንፋስ መሙያውን ቱቦ ያለ ሥራ በእጁ ያገላብጣል።

«ቸኩሎ ይሆናል» አለ ሙሄዲን።

«በአንድ ወር ውስጥ የደሴ ሹፌር ሁሉ ቸኳይ ሆነ?»

ሙሄዲን ወደ ውስጥ ገባ። ሻሽ የጠየቀችው ሴትዮ ሄዳለች። ጨርቁን አጣጠፈው፤ ደግሞ ዘረጋው፤ እንደገና አጣጠፈው። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ተፈጥሮው ነው። ነገር ከተንጠለጠለ ሆዱ ምግብ አይቀበልም፣ ጎኑ እንቅልፍ አያውቅም። የዋናው መንገድ ነጋዴዎች የኮሚቴያቸው ሰብሳቢ አድርገው የመረጡትም ለዚሁ ነበር። እሱ የያዘው ጉዳይ አያድርም ይሉታል።

አሁን እንቅልፍ የነሳው ግን ያው ሳያድር ያለቀው ጉዳይ ነው።

ከሱቆቹ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከሀብሩ ገጠር የሚመጡ ሴቶች ማንጎና ብርቱካን፣ ፓፓያም ጭምር፣ በሳፋና በቅርጫት ደርድረው ይሸጡ ነበር። አውቶቡስ ሲቆም እየተሻሙ በመስኮት ያቀብላሉ። ሙሄዲን ለዓመታት ሲያማርር ኖሯል። የሱቄን በር ዘጉት፣ ልጣጩ ዝንብ አመጣብኝ፣ ጨርቄ ላይ ጭማቂ ተረጨ ሲል ነው የከረመው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ቅርጫቶቹ ላይ ተከመረ። አንዲት ሴት እግሯ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ሮጠው ተረፉ። ሙሄዲን በዚያው ሳምንት ኮሚቴውን አስከትሎ ማዘጋጃ ቤት ሄደና ሻጮቹ ከመንገዱ ዳር ይነሱ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ቤዛዊት «የሚቀመጡበት ቦታ እስካዘጋጅ ጊዜ ስጡኝ» ስትል፣ «ሌላ ሰው እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?» አላት። እሺ አለች። ሴቶቹ ከከብት ገበያው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ተዛወሩ። እዚያ አውቶቡስ አይደርስም። ሳምንት ሳይሞላ ተበታተኑ።

መንገዱ ጸዳ። ሙሄዲን ደስ ብሎት በረንዳውን ራሱ በውሃ አጠበው። ከዚያ አውቶቡሶቹ መቆም ተዉ። ለካ ተሳፋሪው የሚወርደው ለማንጎ ነበር። ለማንጎ ወርዶ ነው ለስላሳ የሚጠጣው፣ ለሚስቱ ሻሽ የሚያየው። ሹፌሩም ጎማውን የሚያስነፋው ተሳፋሪው እስኪገዛ ነው።

በማግስቱ ጧት ሙሄዲን ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ቤዛዊትን ግቢው ውስጥ ከውሃ ቧንቧ ሠራተኞች ጋር ስትነጋገር አገኛት። ወልድያ ተወልዳ ያደገች፣ መርሳ ከተመደበች ገና ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ ደግሞ ማንን እናንሳ?» አለችው ፈገግ ሳትል።

«የተነሱትን ለመመለስ ነው የመጣሁት።»

ነገሩን ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አስፋልት ዳር አልመልሳቸውም» አለች። «ያኔ ያሉት ነገር እውነት ነበር፤ እሺ ያልኩትም ለዚያ ነው። ሴትዮዋ እኮ እግሯ ገና በጄሶ እንደታሰረ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ከሱቆቹ ረድፍ ታችኛው ጫፍ አጠገብ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረበት ባዶ ቦታ አለ። ሰፊ ነው፤ ግን ረግረግ ነው። በበጋም ቢሆን መሀሉ አይደርቅም፤ ክረምት ሲገባ ኩሬ ይሆናል። ቤዛዊት ደረቁ ዳርቻ ላይ ቆማ ወደ ሱቆቹ አመለከተች።

«አውቶቡስ ከአስፋልት ወርዶ የሚቆምበት፣ ሴቶቹም መኪና ሳያሰጋቸው የሚሸጡበት ቦታ ከዚህ ሌላ የለም። የማይደርቀው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ያውቃል። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ድሮ በሱቆቹ ፊት በተቆፈረው ቦይ አልፎ ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር። ሱቆቹ አንድ በአንድ በረንዳቸውን በቦዩ ላይ ዘረጉ። ቦዩ በአፈርና በፌስታል ተደፈነ። ውሃው መውጫ ሲያጣ እዚህ ይተኛል።

«ማሽንና ጠጠር እኔ አመጣለሁ» አለች ቤዛዊት። «ቦታው ለዚህ እንዲውል ለከተማው ምክር ቤት አቀርባለሁ። ሴቶቹ የሚሸጡበትን ጥላ እናንተ ትሠራላችሁ። ቦዩ እንዲከፈት ግን በረንዳው መፍረስ አለበት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያፍርስ ከተባለ ፖሊስ ይዤ መምጣት ሊኖርብኝ ነው። ያን አልፈልግም። ተነጋግራችሁ እናንተ አፍርሱት።»

ሙሄዲን ወደ በረንዳው አየ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ ሱቁን ባዶውን ነበር ያገኘው። መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ነበር። እንደገና ሲጀምር አስቀድሞ የሠራው በረንዳውን ነው፤ ሰው ሲያየው ሙሄዲን ተመልሷል እንዲል። ሴራሚክ ያለበት በረንዳ በረድፉ ላይ የእሱ ብቻ ነው።

«ሁሉም መስማማት አለበት» አለችው፣ ሲሄድ። «ሥራው ደግሞ ከታች ነው የሚጀመረው። መውጫው መጀመሪያ ካልተከፈተ ውሃው ታች ያሉትን ያጠቃል።»

«ገብቶኛል» አለ። እግሩ ግን መራመድ ጀምሮ ነበር።

በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲሪንቃ ሄደ። ከተበተኑት ሴቶች የተወሰኑት እዚያ መሆናቸውን ከሾፌሮች ሰምቷል። ዘሀራን ከግብርና ምርምር ማዕከሉ ብዙም ሳይርቅ፣ ከመንገዱ ዳር በጃንጥላ ስር ተቀምጣ አገኛት። መርሳ ላይ የሱቁ በር ፊት ለፊት የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ስንት ጊዜ በመጥረጊያ ልጣጭ ወደ እሷ እንደገፋ ትዝ አለው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዘሀራ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ከዚህም ሊያስነሱኝ ነው የመጡት አንቱ?»

«ተመለሱ ለማለት ነው።»

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ዘሀራ ቅርጫቷን አንስታ ሮጠች። በመስኮት አቀበለች፤ ተቀበለች። አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ ከጀርባዋ በቅርብ ርቀት አለፈ። ሙሄዲን ሳያስበው ከተቀመጠበት ተነሳ። እሷ ዞራም አላየችው። ስትመለስ ላቧን በሻሿ ጠረገች።

«እዚህ አውቶቡስ ይቆማል» አለች። «ለምን ብዬ እመለሳለሁ?»

ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ቦዩ ነገራት። አንገቷን ደፍታ ማንጎ እየደረደረች አዳመጠችው።

«ስታስነሱን የጠየቀን የለም» አለች በመጨረሻ። «አሁንም ሁሉን ጨርሳችሁ ነው የመጣችሁት። ቦታውም ተመርጧል፣ ጥላውም ታስቧል። ኮሚቴ የምትሉት ነገር ካለ እኛም እንግባበት። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሲመጣ ተነሱ እንዳትሉን።»

ኮሚቴው የባለሱቆች ነው ሊላት ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እናገራለሁ» አለ።

«እግሯ የተሰበረው ሉብና የአክስቴ ልጅ ናት። ያወቁ አልመሰለኝም። ሊጠይቋትም አልመጡ።»

ሙሄዲን ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ፣ ስኳርና ዘይት ይዞ መርሳ ዳር ወደሚገኘው የሉብና ቤት ሄደ። አላህ ያሽርሽ አላት። እሷ ቂም የያዘች አትመስልም ነበር፤ ወይም ደክሟታል። ሲነሳ ብቻ፣ «ጥላው ሲሠራ ፊቱን በድንጋይ አጥሩልን፤ መኪና እንዳይወጣብን» አለችው። መንገድ ላይ ይህን ቃል ብቻውን እየደጋገመ ሄደ።

የነጋዴዎቹ ስብሰባ የተጠራው ለቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሙሄዲን ያሰበው ባጭሩ እንዲያልቅ ነበር፤ አላለቀም። አንዱ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው፣ ቦይ የመንግሥት ሥራ ነው አለ። ሌላው ቦታው ከደረቀ በኋላ ለባለሀብት ይሰጣል፣ እኛ የሌላ ሰው መሬት ነው የምናደርቀው አለ። የፍራፍሬ ሻጮች ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ ሲባል የሳቀም ነበር። ቤዛዊት ከጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ተነስታ ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ምክር ቤቱ ገና አልወሰነም፤ ወስኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ማሽኑም ከወልድያ ነው የሚመጣው፤ ተራ መጠበቅ አለብኝ። ቃል የምገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ሳታውቁት ስለዚህ ቦታ የሚወሰን ነገር አይኖርም። ስብሰባው ሲደረግ ሁለት ሰው ትልካላችሁ፤ ሻጮቹም ይልካሉ።»

ከዚያ ኪሩቤል ተነሳ። ኪሩቤል በረድፉ ታችኛው ጫፍ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ነው። ቦዩ ወደ ወንዙ የሚወጣው በእሱ በረንዳ ስር አልፎ ነው።

«ሐሳቡን አልጠላሁትም» አለ። «ግን ሌላ ከተማ ስነግድ፣ መንገድ ሊወጣ ነው አጥርህን አፍርስ ተባልኩ። አፈረስኩ። መንገዱ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ እኔ ያለ አጥር ከረምኩ። አሁን ማሽኑን ልየው። ማሽኑ ደጄ ላይ ሲቆም፣ ያን ቀን አፈርሳለሁ።»

«ማሽኑ እስኪመጣ ክረምት ይገባል» አለ ሙሄዲን።

«ይግባ። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያችን አይደለም።»

ስብሰባው ይህን ያህል ተስማምቶ ተበተነ፤ ማሽኑ ሲመጣ ሁሉም ያፈርሳል። ለሌላ ሰው ይህ በቂ ነበር። ሙሄዲን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ለቤዛዊት ይደውላል። ማሽኑ ተራራ የተናደበት መንገድ ሊጠርግ ሄዷል ትለዋለች። በማግስቱ ይደውላል። አልተመለሰም። ሰማዩን ያያል። ሰኔ ተጋመሰ። ከምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀመረ። አውቶቡሶቹም ያልፋሉ። ወልድያ ለዕቃ ሄዶ ሲመለስ ሲሪንቃ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ሲራኮት አየ። ዘሀራን በሕዝቡ መሀል ፈለጋት፤ አላገኛትም። መርሳ እስኪደርስ ድረስ መቀመጫው እሾህ ሆነበት።

አንድ ጧት ከሱብሒ ሶላት በኋላ መዶሻና ዲጅኖ ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ሁሪያ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ ስትመጣ የመጀመሪያው ሴራሚክ ተሰንጥቆ ነበር።

«ማሽኑ መጣ?» አለችው።

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ሁሉም አንድ ላይ ያፈርሳል አላላችሁም?»

«አንድ ሰው ካልጀመረ ማንም አይጀምርም።»

ሁሪያ በረንዳውን አየች፤ ከዚያ ፊቱን አየች። ከእሱ ጋር ብዙ ዘመን ኖራለች። በበሩ አጠገብ የነበረውን የጨርቅ መደርደሪያ አቧራ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ጎተተችው።

ፈንታው ወደ ሥራው ሲመጣ ከሙሄዲን ሱቅ ፊት ቦዩ ተከፍቶ፣ ጥቁር ጭቃ በአካፋ ሲወጣ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየ።

«የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ከታች ይጀመር ብላ ነበር» አለ።

«ከታች ያለው እንቢ ካለስ?»

«እንቢ አላለም። ቆይ ነው ያለው።»

«ስንቱን ቆይ እንሰማለን ፈንታው?»

ፈንታው ራሱን ነቀነቀ። ቢሆንም ሥራ የለውም፤ ቁጭ ብሎ ማየቱም ከበደው። ሳጥኑን ወደ ጎን አድርጎ ጎማ የሚጠግንበትን ሲሚንቶ ይሰብር ጀመር። ከሰዓት በኋላ ከላይ ያሉት ሁለት ሱቆች ተቀላቀሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ቦዩ ከላይ እስከ ኪሩቤል በረንዳ ድረስ ተከፍቶ ነበር። ሙሄዲን አንጀቱ ራሰ። ከወልድያ የደወለችው ቤዛዊት ግን አልተደሰተችም።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ ምን አድርገው ነው? ውሃው እስካሁን በየቦታው እየተከፋፈለ ነበር የሚቆመው። አሁን ተሰብስቦ ወዴት ይሂድ?»

«አንቺ ማሽኑን አምጪ እንጂ ይሄዳል።»

«ዛሬ ዞኑ ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ነገ ከነገ ወዲያ ይለቁልኛል። እስከዚያ እባክዎ ይታገሱ።»

ኪሩቤል በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቶ ቦዩን አየ። በሁለተኛው ጊዜ ሙሄዲንን ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደው። «ዝናብ ቢመጣ እኔ ጋ ነው የሚያበቃው። አይተኸዋል?» አለው።

«ማሽኑ ቀድሞ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አለ ሙሄዲን።

ዝናቡ ቀደመ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ የገበያ ሰው እየተበተነ ሳለ፣ ተራራው ጭልም አለ። በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። ሙሄዲን በሩ ላይ ቆሞ ቦዩን ያያል። ውሃው ከላይ መጣ፤ ፌስታልና ቅጠል እየገፋ፣ አንዳች ሳያግደው ከፊቱ አለፈ። እንደዚያ ሲሄድ አይቶት አያውቅም። ፊቱ በራ። ፈንታው ግን ወደ ታች እያየ ነበር።

«ሙሄዲን» አለ። «ኪሩቤል ጋ ና።»

በዝናቡ ውስጥ ሮጡ። ቦዩ የኪሩቤል በረንዳ ሲደርስ ይቆማል። ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ፣ ተነስቶ፣ በሱቁ በር ወደ መጋዘኑ እየገባ ነበር። ኪሩቤልና ሚስቱ ሰላማዊት ታችኛውን ሲሚንቶ ለማንሳት ይታገላሉ። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው አበቃለት፤ ድንጋይ ይሆናል። ሙሄዲን ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። አንዱን ከረጢት ተሸከመ፤ ወደ ቆርቆሮው ክምር ላይ አወጣ፤ ሌላውን ተሸከመ። ፈንታው ተከተለ። ከላይ ያሉት ነጋዴዎች መጡ። ትንሽ ቆይቶ ቤዛዊት ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ደረሰች፤ በቀጥታ ከሰላማዊት ጎን ቆመችና የከረጢቱን ጫፍ ያዘች። የታችኛው ድርድር ሁሉ ግን ርሶ ነበር። ሲያነሱት ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ውስጡ ያለው እንደ ሊጥ ይፈሳል።

ኪሩቤል መሸከሙን አቆመ። ሙሄዲንን አየው።

«አንተ ነህ ይህን ያመጣኸው» አለ። አልጮኸም።

«እኔ ነኝ» አለ ሙሄዲን።

ኪሩቤል ከቆርቆሮው ኋላ ዲጅኖ አወጣ። ለቅጽበት ሁሉም ባሉበት ቆሙ። እሱ ግን በሙሄዲን አጠገብ አልፎ፣ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ የራሱን በረንዳ ይመታ ጀመር። ፈንታው መዶሻ ይዞ ተከተለው። ሙሄዲን ጠጋ ሲል ኪሩቤል ቀና ሳይል «አንተ ተው» አለው። ሙሄዲን ተወ። ዝናቡ ላይ ቆሞ የሌላ ሰው በረንዳ ሲፈርስ አየ። የራሱን ሲያፈርስ ያልተሰማው ነገር አሁን ተሰማው።

ሲሚንቶው ተሰነጠቀና ውሃው ቀዳዳውን አገኘ። መጀመሪያ ተንገራገጨ፤ ከዚያ ጓጉሮ፣ ድንጋዩን ገፍቶ፣ ወደ ወንዙ ተምዘገዘገ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ቀስ እያለ ጎደለ።

ማሽኑ ሐሙስ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለሙሄዲን ከዝናቡ የባሱ ነበሩ። ሽማግሌ ላከ፤ የተበላሸውን ልተካ አለ። ኪሩቤል ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ አስተናገዳቸው፤ የመጡበትን ነገር ግን አልተቀበለም።

«ካሳውን አልፈልግም» አላቸው። «ቦዩን መድፈኑ ላይ የእኔም እጅ አለበት። የምፈልገው ከሰብሳቢነቱ እንዲወርድ ነው። ሻጮቹንም ያለ ጊዜው አስነሳ፤ ቦዩንም ያለ ጊዜው ከፈተ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን መጠበቅ አይችልም። መጠበቅ የማይችል ሰው ከተማ ይመራል?»

መልሱ ለሙሄዲን ሲደርስ ሁሪያ አጠገቡ ነበረች። የተቆጣ መስሏት ነበር።

«ምን ትላለህ?» አለችው።

«ምን እላለሁ። እውነቱን ነው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሄዲን በራሱ ቃል ሰብሳቢነቱን ተወ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ለዘሀራ የገባው ቃል እንዲጠበቅ። የሳቁት ሰዎች በዚህኛው ቀን አልሳቁም። ኪሩቤል ሰብሳቢ ሆነ። ዘሀራም ከሲሪንቃ መጥታ፣ ከእሱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጥላው አልነበረም፤ ለሴቶቹም ለተሳፋሪውም የሚሆን መጸዳጃ የት ይሠራል አለች። ማንም አላሰበበትም ነበር። ቤዛዊት የውሃው መስመር የት ድረስ እንደሚመጣ ለማየት ስብሰባውን አቋርጣ ወጣች፤ ስትመለስ ይቻላል አለች፤ ግን ሌላ ወር ይወስዳል። ኪሩቤል እንጠብቃለን አለ። ሙሄዲን ከንፈሩን ነከሰ።

ምክር ቤቱ ቦታውን የፈቀደው በነሐሴ ነው። ጠጠሩ ፈሰሰ፤ ተዳመጠ። ነጋዴው ያዋጣበት ጥላ ተሠራ፤ ኪሩቤል ቆርቆሮውን በገዛበት ዋጋ ሰጠ። ከጥላው ፊት፣ መኪና በሚመጣበት በኩል፣ ትላልቅ ድንጋይ በረድፍ ተተከለ። ያን ሙሄዲን ራሱ ነው ያስተከለው፤ ሉብና ያለችውን ሳይነግራቸው። ጄሶዋ ወጥቶ በምርኩዝ መሄድ ጀምራ ነበር።

ሴቶቹ ሁሉ አልተመለሱም። ሲሪንቃ የለመዱት እዚያው ቀሩ፤ አንዷ ሐራ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ትነግዳለች ተባለ። ዘሀራ ከሌሎች ጋር መጣች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስፈሪ ነበሩ፤ ሾፌሮቹ አላወቁም። አውቶቡሶቹ እንደለመዱት በቀጥታ ያልፋሉ። ሴቶቹ ወደ አስፋልቱ ለመውጣት ይነሳሉ፤ ዘሀራ ትመልሳቸዋለች። ፈንታው ደግሞ ጎማ ሊያስነፋ ለሚመጣ ሾፌር ሁሉ፣ «ታች ውረድ፣ ሰፊ መቆሚያ አለ» እያለ ይነግራል። አንድ ቀን አንዱ ቆመ። ተሳፋሪው ወረደ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ብርቱካን ገዛ። አንዲት ሴት ከዘሀራ ማንጎ ከገዛች በኋላ ወደ ላይ መጥታ ከሙሄዲን ሱቅ ሻሽ ጠየቀች። ሙሄዲን ሁሉንም ቀለም ዘረጋላት። አንድም አልገዛችም፤ አውቶቡሱ ጠራት። እሱ ግን በዚያ ቀን አልተቆጣም።

በመስከረም አንድ ማለዳ ኪሩቤል ወደ ሱቁ መጣ። ከዝናቡ ቀን ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። በፈረሰው በረንዳ ፋንታ ቦዩ ላይ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ተሻግሮ በሩ ላይ ቆመ።

«እንዴት አደርክ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ። ግባ።»

«አልገባም፣ ሚኒባስ እየጠበቀ ነው። ቤዛዊት ወልድያ ትሄዳለች፤ ስለ መብራት። ለመቆሚያው መብራት ካልገባለት ሲመሽ የሚቆም የለም። አብረናት እንሂድ ብያለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ? ሰብሳቢው አንተ ነህ።»

ኪሩቤል ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየና መልሶ ወደ ሙሄዲን አየ።

«መናገሩን እኔ እናገራለሁ» አለ። «እኔ ግን ከአንድ ቢሮ ነገ ኑ ከተባልኩ ቤቴ እገባለሁ። አንተ አትገባም። ለዛሬ ያ ጠባይህ ያስፈልገኛል።»

ሙሄዲን ሱቁን ለሁሪያ አደራ ብሎ ኮቱን አነሳ። ቤዛዊት ከፊት ወንበር ላይ ሆና ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየቻቸው። ኪሩቤል ከኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሙሄዲን አጠገቡ ቦታ ያዘ። ሚኒባሱ ጥላውን አልፎ ወጣ። ዘሀራ ከቆመ መኪና ጎን ስትሸጥ ነበር፤ አላየቻቸውም።

«ቢሮው ስንት ሰዓት ይከፈታል?» አለ ሙሄዲን።

«ገና መውጣታችን ነው» አለ ኪሩቤል።